ዓረፍተ ነገርን የሚያቃና ጆሮ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወርደው መንገድ ባቱን አልፎ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ቡልቡላን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። ግራር የተበተነበት ሜዳ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ሱቆች፣ መኪና የሚጠብቅ ተሳፋሪ፣ ወደ ውኃ የሚነዱ ከብቶች፣ ወዲያ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይታያል። ከከተማዋ ጋር ስም የሚጋራው ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አቢጃታ ይፈስሳል። ይህ ወንዝ ቦርቡሮ በከፈተው ገደል ውስጥ አርኪዮሎጂስቶች ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የባልጩት መሣሪያዎች አግኝተዋል። ከድንጋይ ላይ ቀጭንና ስለታም ስንጣሪ ማውጣት የት እንደሚመታ፣ በየትኛው አቅጣጫና በምን ያህል ኃይል እንደሚመታ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ሙያ ከባለሙያ አጠገብ ተቀምጦ፣ እያዩና እየሞከሩ፣ ያበላሹትንም እያሳዩ እንጂ በወሬ አይለመድም።

ይህን ያነሣሁት ዛሬ በቡልቡላም ሆነ በመቂ፣ በባቱም ሆነ በአዳማ መጻፍ የሚፈልግ ወጣት ስለሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ለመናገር ነው። ወጣቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መምህር፣ ወይም በፓርኩ የተቀጠረ ሠራተኛ። በስልኩ ይጽፋል፤ ለጓደኞቹ ይልካል፤ «አሪፍ ነው» ይሉታል። አንድ ቀን ደራሲ የመሆን ሐሳብ ሲጠናበት የድርሰት ሥልጠና ይጠቅመኝ ይሆን ብሎ ያስባል። ሥልጠናው ስለ ልብ ወለድ አጻጻፍ ጥቂት ሊያሳውቀው እንደሚችል አያጠራጥርም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን ያሻሽልለታል ወይ? የሰው ጽሑፍ ሲነበብ የሚሰማው ምት፣ የቃል ምርጫው፣ ለዛው በትምህርት ይሻላል ወይስ አይሻልም?

መልሴ አዎ ነው፤ ግን አብዛኛው ሥልጠና በሚሰጥበት መንገድ አይደለም። በብዙ የድርሰት ሥልጠናዎች ላይ ሰዓቱን የሚበሉት ሴራ፣ ግጭት፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼትና አንጻር ናቸው። እነዚህ ጠቃሚ ጉዳዮች ናቸው፤ ታሪክን ለመገንባት ያስፈልጋሉ። ነገር ግን አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሲያስረዳና ሠልጣኙ ደብተሩ ላይ ሲገለብጥ የሠልጣኙን ዓረፍተ ነገር የነካው የለም። በሦስተኛው ቀን የምስክር ወረቀት ተሰጥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለ ግጭት ዓይነቶች ያውቃል፤ አንዱን አንቀጽ ግን እንደ ድሮው ይጽፈዋል። ዓረፍተ ነገርን የሚያሻሽለው ጽሑፉ በሚሰማና በሚያርም ሰው ፊት ጮክ ተብሎ መነበቡ፣ ወዲያው መታረሙና ነገም እንደገና መሞከሩ ነው። ይህ ደግሞ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቅኔ ቤት ለዘመናት የኖረበት ሥርዓት ነው።

የቅኔ ቤትን አሠራር ያላየ ሰው ቅኔ በተመስጦ ብቻ የሚፈልቅ ይመስለዋል። ተማሪው ግን መጀመሪያ ግስ ያጠናል፤ እርባታውን ያወርዳል። ከዚያ በሁለት ስንኝ በምትቆመው ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እሷን ሳያደላድል ባለ ሦስት ስንኙን ዘአምላኪየ አይነካም፤ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ስምንት ስንኝ ወዳለው መወድስ ይደርሳል። መምህሩ ቅኔ ይነግራል፤ ምሥጢሩን፣ ሰሙንና ወርቁን፣ የቃሉን አገባብ ይፈታል። ተማሪዎቹ ይበተናሉ። አንዱ ዛፍ ሥር፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ደበሎውን ተከናንቦ ለብቻው ቅኔ ይቆጥራል። ከዚያ ተመልሶ ያበጀውን በመምህሩ ፊት በቃሉ ይነግራል። መምህሩ ያዳምጣል፤ ቤቱ የፈረሰውን፣ ቃሉ የተንጋደደውን፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመውን እዚያው ያቃናል፤ ሲከፋም ሂድና እንደገና ቁጠር ይለዋል። በነጋታው ያው ነው። የተነገረ ቅኔ እንደ አዲስ አይደገምምና ተማሪው በየጊዜው አዲስ ማምጣት አለበት። ሥራው አጭር ነው፤ እርማቱ ፈጣን ነው፤ ፍርዱ የሚሰጠው በጆሮ ነው፤ ድግግሞሹ ዓመታት ይፈጃል። ስለ አጻጻፍ ትምህርት ዛሬ በዓለም ላይ የሚጻፈውን ካነበብኩ በኋላም ከዚህ የተሻለ ንድፍ አላገኘሁም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህ ቤት ያለፉ ናቸው። በጎጃም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ ሆኖም አንባቢ መሐል መንገድ ላይ አይጠፋም፤ ሐረጎቹ ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ፤ ግሱ በመጨረሻ ሲመጣ የተንጠለጠለው ሁሉ ይሰበሰባል። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የሬዲዮ ዝግጅት ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው አድማጭ ሁሉ ተከተለው። በጆሮ የሚከተሉት ስድ ንባብ በጆሮ ከተገራ እጅ መውጣቱ ለእኔ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ሌላም ምሳሌ አለ። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን፣ የታላቁን ሊቅ የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው አሳተሙት። አለቃ ለማ የተናገሩት ንግግር ነበር፤ ድርሰት እንጻፍ ብለው አልተቀመጡም። ግን የዚያ ንግግር አማርኛ ብዙ ጸሐፊ ለዓመታት ለፍቶ የማይደርስበት ስድ ንባብ ነው። ዕድሜ ልክ በቃል ሲነግሩና ሲያቃኑ የኖሩ ሰው አፋቸው ራሱ ተቃንቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ቅኔ ግጥም ነው፤ ቋንቋው ግእዝ ነው፤ ውበቱም ምሥጢርን መሸሸግ ነው። ስድ ንባብ ደግሞ ግልጽነትን ይሻል። በቅኔ ያደገ እጅ ነገርን ማጠላለፍና ቃላት ማስጌጥ አይወድም ወይ? ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። ቅኔ ቤት ሳይገቡ የቅኔን ጠረን ብቻ የወሰዱ ብዙ ጽሑፎች አሉ፤ ዘይቤ በዘይቤ ላይ ተጭኖባቸው ነገሩ አይታይም። ነገር ግን የቅኔ መምህር የሚያርመው ጌጥ የጎደለውን ብቻ አይደለም፤ ያለ ሥራ የገባ ቃልንም ነው። ሁለት ስንኝ ውስጥ ሥራ ፈት ቃል መቀመጫ አያገኝም። ከቅኔ ቤት ለስድ ንባብ ሊወሰድ የሚገባው ይህ ሥርዓት ነው እንጂ ሰምና ወርቁ አይደለም። ሐዲስም የወሰዱት ይህንኑ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዘመናዊዎቹ ደራስያን በኩል ይመጣል። በዓሉ ግርማ የትኛው ቅኔ ቤት ገባ? የትኛውን የልብ ወለድ ሥልጠና ወሰደ? በእርግጥም በዓሉ ኢሉባቦር ሱጴ ቦሩ ተወልዶ፣ በአዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌት ተምሮ፣ ከዩኒቨርሲቲ በኋላ በአሜሪካ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ያጠና ሰው ነው። ከዚያ በ«መነን»፣ በ«አዲስ ሪፖርተር»፣ በ«አዲስ ዘመን»ና በ«ኢትዮጵያን ሄራልድ» በአዘጋጅነት ሠርቷል። እንግዲህ የዝግጅት ክፍል ምንድን ነው? በየቀኑ አጭር ሥራ የሚቀርብበት፣ በቀይ እስክሪብቶ የሚታረምበት፣ ነገም ሌላ የሚጠበቅበት ቤት ነው። በዓሉ ሲታረምም ሲያርምም ኖሯል። ከ«ከአድማስ ባሻገር» እስከ «ኦሮማይ» ያለው አጭርና ፈጣን ዓረፍተ ነገሩ፣ ቶሎ ወደ ንግግር የሚገባው ትረካው የዚያ ቤት ልጅ ነው። ያልተማሩ ታላላቅ ደራስያን ተብለው የሚጠቀሱትን ብዙዎቹን ብንመረምር የሆነ ቦታ አንድ የሚያርማቸው ሰው ወይም የሚያርሙት ክምር ወረቀት እናገኛለን። ትምህርት ቤቱ ስም ስላልነበረው ነው ያልተማሩ የመሰሉን።

ከውጭ ዓለም የሚመጣው ክርክር ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የተመሠረተው የአሜሪካው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የደራስያን ዐውደ ጥናት በዘርፉ ከሁሉ የታወቀ ነው። የሚገርመው፣ ተቋሙ ራሱ ድርሰት ማስተማር እንደማይቻል፣ ደራሲን ማበረታታት ግን እንደሚቻል የሚያምን መሆኑን ይናገራል። የድርሰት ትምህርት በመላ አገሪቱ ሲስፋፋ ደግሞ ሌላ ስጋት ተነሣ፤ ሁሉም በአንድ ቅርጽ የተጠፈጠፈ ጡብ ይመስላል የሚል። ሪቻርድ ዢን ሶ እና አንድሩ ፓይፐር የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2016 በ«ዘ አትላንቲክ» መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ይህን በኮምፒውተር ፈተኑት። የድርሰት ዲግሪ ባላቸው ደራስያን የተጻፉ 200 ልብ ወለዶችን፣ ዲግሪው በሌላቸው ከተጻፉና በኒው ዮርክ ታይምስ ግምገማ ካገኙ ልብ ወለዶች ጋር አነጻጸሩ። ኮምፒውተሩ የትኛው የማን እንደሆነ በትክክል መለየት የቻለው ወደ 67 ከመቶ ያህሉን ነበር። ሳንቲም ወርውሮ የሚገምት ሰው 50 ከመቶ ያህል ማግኘቱ አይቀርምና ልዩነቱ ትንሽ ነው። አጥኚዎቹም ዲግሪው በስልት ላይ ጉልህ አሻራ አለው ለማለት አልደፈሩም።

ይህ ውጤት ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ትምህርት ሁሉንም አንድ ያደርጋል የሚለው ፍርሃት ተጋኗል። ሁለተኛውን ግን ሳናለባብስ መቀበል አለብን፤ ትምህርቱ ልዩ ተአምርም አልሠራም። ሆኖም ማስረጃው የሚለካውን ልብ እንበል። የተነጻጸሩት ሁለቱም ወገኖች ጫፍ የደረሱ፣ ልብ ወለድ ያሳተሙ ናቸው፤ ጽሑፋቸው በአርታዒ እጅ ያለፈ ነው። ተራራው ጫፍ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎችን አይቶ አንዱ በመንገድ ሌላው በገደል መምጣቱን መለየት ይከብዳል። ለቡልቡላው ጀማሪ የሚያስፈልገው ግን ከተራራው ግርጌ ያለው ማስረጃ ነው።

ለዚህ የሚቀርበው ማስረጃ የትምህርት ተመራማሪዎቹ ስቲቭ ግራሃምና ዶሎሬስ ፔሪን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ጥናት ነው። ከ100 በላይ የምርምር ሥራዎችን አሰባስበው ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን አጻጻፍ የሚያሻሽለው ምን እንደሆነ መረመሩ። ተማሪዎቹ ደራስያን እንዳልሆኑ አልረሳሁም፤ ግን ግኝቱ ከጉዳያችን ጋር የሚገጥም ነው። ዜሮ ምንም ለውጥ የለም በሚባልበት መለኪያ፣ ተማሪዎች እርስ በርስ እየተነባበቡና እየተራረሙ መጻፋቸው 0.75 አስገኘ። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ማጣመርን መለማመድ 0.50 ሰጠ። ጥሩ ጽሑፍን አርአያ አድርጎ ማጥናት 0.25 ብቻ ነበር። ሰዋስውን ከመጻፍ ነጥሎ ማስተማር ደግሞ ከዜሮ በታች ወርዶ 0.32 ሲቀነስ ሆነ። እኛ አገር «መጻፍ የምትፈልግ አንብብ» የሚለውን ምክር እንደ በቂ መድኃኒት እንሰጣለን። ማንበብ መሠረት ነው፤ ግን ያነበቡትን በራስ እጅ መልሶ ሳይሠሩት ወደ ዓረፍተ ነገር አይገባም። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በግለ ታሪኩ እንደሚተርከው፣ በወጣትነቱ «ስፔክቴተር» የተባለውን መጽሔት እያነበበ የየዓረፍተ ነገሩን ፍሬ ሐሳብ በአጭሩ ይጽፍ፣ ለጥቂት ቀናት ያስቀምጠው፣ ከዚያ መጽሔቱን ሳያይ በራሱ ቃል መልሶ ያቆመው፣ በመጨረሻም ከዋናው ጋር አመሳክሮ ስሕተቱን ያርም ነበር። መምህር ቢያጣ መጽሔቱን መምህር አደረገው።

ማጣመር ማለት በአማርኛ ምን እንደሆነ አንድ ምሳሌ እናብጅ። ጀማሪው እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «ወንዙ የሚያምር ነበር። ውኃው የደፈረሰ ነበር። ከብቶች ሊጠጡ መጥተው ነበር።» ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም። ግን ጮክ ብሎ ሲነበብ «ነበር፣ ነበር፣ ነበር» እያለ እንደ ሙቀጫ ይወቅጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሦስቱ ነገሮች ተራርቀው መቀመጣቸው ነው፤ ማን ምን እንዳደረገ አይታይም። አጠገቡ የተቀመጠ አራሚ «ውኃውን ምን አደፈረሰው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጸሐፊው ያስብና እንዲህ ይላል፦ «ከብቶቹ ሊጠጡ ገብተው የቡልቡላን ውኃ አደፈረሱት።» ሦስቱ አንድ ሆኑ፤ ምክንያትና ውጤት ተያያዙ፤ «የሚያምር» የሚለው ቃል ወደቀ፣ ማንም አልፈለገውም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያኖር ቋንቋ ነውና የዓረፍተ ነገሩ ክብደት የሚያርፈው ጅራቱ ላይ ነው። እዚያ ላይ «ነበር» ሲቀመጥና «አደፈረሱት» ሲቀመጥ ያለው ልዩነት በንግግር አይብራራም፤ ይሰማል። ይህን ልዩነት ሃምሳ ጊዜ የሰማ ሰው በሃምሳ አንደኛው ላይ ብቻውን ያርመዋል። ከድርሰት ትምህርት የምንጠብቀውም ይህን ያህል ነው፤ የመምህሩ ጆሮ ቀስ በቀስ የተማሪው ጆሮ መሆን።

ስጦታስ የሚል ይኖራል። ደራሲነት ከፈጣሪ የሚሰጥ እንጂ የሚማሩት አይደለም የሚለው እምነት በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ስጦታ የለም ብዬ አልከራከርም፤ ከአንድ መምህር ሥር ከወጡ ተማሪዎች አንዱ ሊቅ ሌላው መካከለኛ መሆኑን የቅኔ ቤትም ያውቃል። ያም ሆኖ ባለ ስጦታው ቁጠራውን ዝለል አይባልም። ዳኛቸው ወርቁ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ1962 ዓ.ም. የወጣው «አደፍርስ» በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ማንንም የማይመስል ድምፅ አለው፤ እንዲህ ያለ ሰው ስጦታ የለውም የሚል የለም። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲም ከደራስያን ጋር ቆይታ ነበረው። ይኸው ሰው በ1977 ዓ.ም. «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። መጻፍን መማር አይቻልም ብሎ የሚያምን ሰው መመሪያ አይጽፍም።

ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ግን ሌላ ጥያቄ ይቀራል። በቡልቡላ የብዙው ልጅ የአፍ መፍቻ ኦሮምኛ ነው፤ ገበያው፣ መናኸሪያው፣ ትምህርት ቤቱ አማርኛንም ኦሮምኛንም ይናገራል። በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ልጅ ለዛ ወዳለው ስድ ንባብ ይደርሳል? በኦሮሚያ ምድር ተወልዶ የአማርኛ ልብ ወለድን ቋንቋ ያፈጠነውን በዓሉን አንሥተናል። ከዚህ በላይ ደግሞ ልጁ በኦሮምኛ መጻፍ ይችላል፤ የምናገረው ሥርዓት ለአማርኛ ብቻ የተቆረጠ አይደለም። ጌረርሳ የተባለውን የኦሮሞ የቃል ግጥም እየሰማ ያደገ፣ ሽማግሌዎች ጉባኤ ላይ ቃል ሲመርጡ የሰማ ልጅ፣ የሚቃና ጆሮ ከቤቱ ይዞ መጥቷል። ሁለት ቋንቋ መስማቱ ዓረፍተ ነገር በሌላ መንገድም ሊቆም እንደሚችል ያሳየዋል፤ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ዘግይቶ ነው የሚያየው።

መምህርስ ከየት ይመጣል? በ1952 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ሥልጠና ሲሰጥ ኖሯል፤ ግን የማኅበሩ ቤት አዲስ አበባ ነው፤ ለሁለትና ለሦስት ቀን ተጉዞ የሚመጣ አሠልጣኝ ከሄደ በኋላ እርማቱ ይቋረጣል። ስለዚህ የሩቁን አሠልጣኝ ከመጠበቅ የቅርቡን አድማጭ ማደራጀት ይሻላል። አድማጩ ታላቅ ደራሲ መሆን የለበትም። ጥሩ አንባቢ የሆነ የቋንቋ መምህር፣ ከቅኔ ቤት የወጣ አንድ መሪጌታ፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ይበቃል። የሚያስፈልገው «አሪፍ ነው» ብሎ የማያልፍ ሰው ነው። እርማት ያስቀይማል፤ በተለይ እርስ በርስ በሚተዋወቁበት ትንሽ ከተማ። ስለዚህ ሥርዓት ያስፈልገዋል፦ ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ጸሐፊው ዝም ብሎ ይስማ፣ አራሚው ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፣ በሚቀጥለው ሳምንት የታረመው ይምጣ።

ይህን ሁሉ የምለው ለውበት ብቻ አይደለም። የአቢጃታ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት ክፉኛ ሸሽቷል። ከዝዋይ ሐይቅና ከቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ውኃ ይሳባል፤ ከአቢጃታም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውኃ ሲሳብ ኖሯል። ነገሩ በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ ግን «የውኃ መጠን መቀነስ ችግር መኖሩ ተስተውሏል» ይሆናል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰው የለም። ማን ቀዳ፣ ማን አየ፣ ማን ተጠማ አይታወቅም። «ውኃውን ምን አደፈረሰው?» ተብሎ የታረመ ልጅ ግን «ውኃውን ማን ወሰደው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ባለቤት ባለው ግስ ይጽፈዋል።

የቡልቡላ መምህራንና የንባብ ወዳጆች፣ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ክፍል ክፈቱ። አምስት ልጆች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጽ፣ አንድ የሚያዳምጥ ሰው ይበቃል። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ወንዙ ይሁን።